ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት እስትንፋሱ ይመርመር

በቤተ ሰብ ንብረት መካከል እንደ አሮጌ አውቶሞቢል የሚወደድም የሚያማርርም ዕቃ ጥቂት ነው። ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያመላልስ፥ እመቤቲቱን ገበያና ለቅሶ ቤት የሚያደርስ፥ ባለቤቱንም በሰዓቱ ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚያቆም እርሱ ነው፤ አንድ ቀን ጧት አልነሣም ያለ እንደሆነ ግን የቤቱ ሥርዓት ሁሉ ይናጋል። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፥ በግቢው አሮጌ አውቶሞቢል ያለው ሰው ያንኑ ጠብቆ ለማኖር የሚያስብበት ምክንያት ጨምሯል። ስለዚህ በዚህ ገጽ ስለ ሞተር መጻፋችን ስለ ቤት አስተዳደር እንደ መጻፍ ይቈጠርልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶሞቢሉ በመንገድ ላይ ደኅና ይሄድና ቀይ መብራት ዘንድ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይጠፋል። ወይም ከሞተሩ ሥር ዘይት ይንጠባጠባል፤ ተሳፋሪዎቹ በተቀመጡበትም የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ያዳምጥና «ጋሼ፥ ይህ ሞተር ደክሟል፤ መከፈት አለበት» ይላል፤ ወይም «ካርቡራቶሩ አብቅቶለታል፤ ሌላ እንፈልግ» ይላል። የደከመ ሞተርም ያለቀ ካርቡራቶርም መኖሩን አንክድም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሕመሙ ምንጭ አንድ ጣት የማያህል የጎማ ቱቦ መሰንጠቅ፥ ወይም በጥቀርሻ የተደፈነ የመተንፈሻ ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ሞተር ለመክፈት ግን ብዙ ቀንና ብዙ ብር ይጠፋል። ባለቤቱ እጁን ዘይት ባያስነካ እንኳ፥ ምን ምን እንደሚመረመር ያወቀ እንደሆነ ጥያቄውን አስተካክሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥሩ ሠራተኛም እንዲህ ያለውን ጠያቂ ይወዳል እንጂ አይጠላም።

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከሚታዩት አሮጌ አውቶሞቢሎች መካከል በሰማያዊና በነጭ ቀለም የታወቁት ላዳዎች፥ ቮልስ እያልን የምንጠራቸው ቮልስዋገኖችና ቀደም ያሉት ቶዮታ ኮሮላዎች ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉት በካርቡራቶር ነው። ቮልስ በመጨረሻ የተሠራው በሜክሲኮ አገር በፈረንጅ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ነው። ላዳ ደግሞ የጣልያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጎ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶልያቲ ከተማ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ቈይቶ፥ የዚሁ የአሮጌው ዓይነት ሥራ በ2012 ዓ.ም. ቆመ፤ እነዚህም ዘመኖች በፈረንጅ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። የጋራዥ ሰዎቻችን ከጣልያን የወረሱት ካንዴላ፥ ቴስታታ፥ ጓርኒሲዮን፥ ፋሼታ የሚለው ንግግር፥ ከሩስያ ለመጣው ለዚህ ሞተር የአባቱ ቋንቋ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም ነው። በዚህ ጽሑፍ ይልቁን ላዳን እንደ ምሳሌ አድርገን እንሄዳለን፤ የሌሎቹም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሞተር ሁለት ዓይነት ትንፋሽ አለው። አንደኛው ወደ ውስጥ የሚስበው ነው፤ አየር በፊልትሮ ተጣርቶ ወደ ካርቡራቶሩ ይገባል፥ በዚያም ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሲሊንደሮቹ ይወርዳል። ሁለተኛው ከሆዱ፥ ማለት ዘይቱ ካለበት ከታችኛው ክፍል፥ የሚያስወጣው ነው። ከላይ ያየናቸው ሁለት ሕመሞች ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመጡ ናቸው፤ ወደ ኋላ እንደምናሳየውም ሁለቱ ትንፋሾች በአንዲት ቀጭን ቱቦ ላይ ይገናኛሉ።

በመጀመሪያ ስለሚሳበው እንናገር። ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሣ ጊዜ ሞተሩ በቀስታ ይዞራል፤ ይህን ጋራዦች ሚኒሞ ይሉታል። በዚህ ጊዜ የካርቡራቶሩ የታች ክዳን ሊዘጋ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ ፒስቶኖቹ ግን መሳባቸውን አይተዉም። ስለዚህ ከክዳኑ በታች ባለው የማስገቢያ ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው አየር ይልቅ እጅግ የሳሳ ይሆናል። በዚያ ቧንቧ ላይ የትም ቦታ ስንጥቅ ቢኖር የውጭው አየር በዚያ በኩል ሰርጎ ይገባል። ቤንዚን በደንብ የሚቃጠለው በሚዛን አንድ እጅ ቤንዚን ከ15 እጅ ያህል አየር ጋር ሲቀላቀል ነው፤ በስንጥቁ የገባው አየር ግን በካርቡራቶሩ ያላለፈ ስለሆነ ከእርሱ ጋር የሚመጣ ቤንዚን የለም። ድብልቁ ይሳሳል፥ አንዳንዱ ሲሊንደር ይተኰሳል፥ አንዳንዱም ያልፈዋል፤ የሚያንቀጠቅጠውም ይኸው ነው። አውቶሞቢሉ በፍጥነት ሲሄድ ግን በካርቡራቶሩ የሚገባው አየር እጅግ ብዙ ስለሆነ፥ በስንጥቅ የገባችው ጥቂት አየር ትዋጣለች። በመንገድ ላይ ደኅና፥ በቆመ ጊዜ በሽተኛ የሚሆንበት ምሥጢር ይህ ነው።

ይህ ሕመም ሌሎችም ምልክቶች አሉት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለመነሣት ያስቸግራል። ነጂው ነዳጅ በድንገት በሰጠ ጊዜ ሞተሩ ተንፍሶ ይቀራል፥ ወይም በካርቡራቶሩ በኩል ያስነጥሳል። የሚኒሞውን ብሎን ቢያዞሩት ቢያዞሩት ለውጥ አይታይም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው የቤንዚኑን መጠን መጨመር ነው፤ መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይቀንሳል፥ ቤንዚን ግን ይፈጃል፥ ስንጥቁም እየሰፋ ይሄዳል። ይህ በሽታን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

አየሩ ሰርጎ የሚገባበት ቦታ በየሞተሩ የታወቀ ነው። በላዳ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የካርቡራቶሩ መቀመጫ ነው። ካርቡራቶሩ በአራት ብሎኖች ታስሮ ሙቀት በሚከለክል ወፍራም ንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛው ንቅናቄ ባየ ቁጥር ብሎኖቹን ሲያጠብቅ፥ ይልቁንም ሞተሩ ትኩስ ሳለ ሲያጠብቅ፥ ለስላሳ የሆነው የካርቡራቶሩ ብረት ጥግ ጥጉ ወደ ታች ይጎብጣል፤ መካከሉም ክፍተት ያበጃል። እንግዲህ አየር እንዳይገባ ብሎ ያጠበቀው ሰው ራሱ በር ከፈተለት ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ካርቡራቶሩን አውርዶ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በመቀመጫው ላይ በጠርዙ አቁሞ ወደ ብርሃን መመልከት ነው፤ ብርሃን ከሥሩ ካሳለፈ ጎብጧል። መድኃኒቱም አዲስ ካርቡራቶር መግዛት ሳይሆን፥ ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ መቀመጫውን በትዕግሥት እስኪስተካከል ድረስ መፈተግ፥ ከዚያም ጓርኒሲዮኖቹን አድሶ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ብሎኖቹን በመስቀልያ ተራ ጥቂት በጥቂቱ ማሰር ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በማስገቢያው ቧንቧና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ሦስተኛው ለፍሬኑ ሰርቮ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፥ አራተኛው ለማቀጣጠያው ጊዜ የሚያገለግለው ቀጭን ቱቦ ነው። ይህ የመጨረሻው ልዩ ጠባይ አለው፤ በብዙዎቹ ካርቡራቶሮች ላይ የሚስበው ክዳኑ ጥቂት ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ ቢቀደድም በሚኒሞ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ አውቶሞቢሉ ግን ዳገት ላይ ይሰንፋል፥ ቤንዚንም ያበዛል። ጫፉን ነቅሎ በአፍ መሳብና በምላስ መያዝ ነው፤ ከያዘ ደኅና ነው፥ አየሩ ዝም ብሎ ካለፈ ግን ቱቦው ወይም ከወዲያ ያለው ስስ ሽፋን ተቀድዷል። ቮልስን በተመለከተ፥ ለእያንዳንዱ ቴስታታ ሁለት ሁለት የአየር በር ያላቸው ሞተሮች የማስገቢያ ቧንቧቸው በጎማ እጀታዎች የተያያዘ ነው፤ ጎማው በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ከላይ አይታይም፥ በጣት አጣጥፎ ማየት ያስፈልጋል። የካርቡራቶሩ ክዳን የሚዞርበት ዘንግ በልቶት ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ይወዛወዛል፥ አየርም በዙሪያው ይገባል፤ ይህን ብሎን በማጥበቅ ማዳን አይቻልም፥ ለቶርኖ ሠራተኛ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው እንሂድ። አውቶሞቢሉ በተዘጋ ቤት ሳይሆን በገላጣ ስፍራ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይሳብ፤ ነጠላ፥ ነጭ ልብስም ሆነ ከረባት ከሚዞረው ማራገቢያ ይራቅ። ሕፃናትም በዚያ አካባቢ አይቁሙ።

የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የጎማ ቱቦ ወስዶ አንዱን ጫፍ ከጆሮ አስጠግቶ ሌላውን ጫፍ በየመጋጠሚያው ማዞር ነው፤ አየር የሚሳብበት ቦታ ሲደርስ እንደ እባብ ድምፅ ያፏጫል። ቀጥሎም ቱቦዎቹን አንድ በአንድ፥ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ጨቁኖ የሞተሩን ለውጥ ማዳመጥ ነው። አንዱ ሲጨቈን ሞተሩ ከተስተካከለ፥ ሕመሙ ከዚያ ቱቦ ወዲያ ነው ማለት ነው። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ምንም ሳይፈታ ክፉውን ከደኅናው መለየቱ ነው።

ለመጋጠሚያዎቹ ደግሞ ሳሙና የገባበት ውሃ በትንሽ መርፌ ወይም በመርጫ ጠርሙስ ጥቂት ጥቂት ማንጠብጠብ መልካም ነው። ስንጥቅ ካለ ውሃው ወደ ውስጥ ይሳባል፥ ለጊዜውም ቀዳዳውን ስለሚዘጋው የሞተሩ አዟዟር ይለወጣል። ማቀጣጠያውንና የካንዴላዎቹን ገመዶች እንዳያርስ መጠንቀቅ ይገባል። በዚህ ፈንታ ቤንዚን የሚረጩ ሠራተኞች አሉ፤ ፈጣን መልስ ይሰጣል፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን በላዳ ላይ የጭስ ማውጫው ብረት ከካርቡራቶሩ በታች በዚያው ወገን ስለሆነ፥ የተረጨው ቤንዚን የሚንጠባጠበው በጋለ ብረት ላይ ነው። አንድ ስንጥቅ ለማግኘት ብሎ አውቶሞቢሉን ከነግቢው ማቃጠል የማይገባ ነውና፥ የአውቶሞቢሉ ባለቤት ይህን በግልጽ ሊከለክል ይገባዋል።

ሌላም ፈተና አለ። የፊልትሮው ክዳን ተነሥቶ የካርቡራቶሩ አፍ በካርቶን በጥቂቱ ሲሸፈን የሚገባው አየር ይቀንሳል፥ ቤንዚኑም ይበረክታል። ሞተሩ በዚህ ከተሻለው ድብልቁ ሳስቶ ነበር ማለት ነው፤ ፍለጋው ይቀጥል። ይልቁን ከባሰበትና ጥቁር ጭስ ካወጣ፥ ሕመሙ አየር መስረግ አይደለም፤ የቤንዚኑን ወገን መመርመር ይገባል። በእጅ መዳፍ መሸፈን ግን ክልክል ነው፤ ሞተሩ በካርቡራቶሩ በኩል እሳት ሊተፋ ይችላልና።

ስለ መለኪያው አንድ ቃል እንጨምር፤ ይህ ለአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለናልና። በማስገቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለውን የአየር መሳሳት የሚለካ በመርፌ የሚያሳይ ሰዓት አለ፤ ቍጥሩም በሜርኩሪ ሴንቲ ሜትር ይነገራል። የውጭ አገር መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ከ43 እስከ 53 ማሳየት አለበት ይላሉ። ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ነው። በባሕር ጠረፍ አየር 76 ሴንቲ ሜትር የሜርኩሪ ዓምድ ይሸከማል፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን የሚሸከመው 57 ያህል ነው። የጎደለው 19 ከመለኪያውም ላይ ይጎድላል፤ ስለዚህ እዚህ ጤነኛው ሞተር የሚያሳየው ከ24 እስከ 34 ያህል ነው። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሠራተኛ 30 ያየ እንደሆነ ደኅናውን ሞተር በሽተኛ ብሎ ይፈርዳል፥ የሌለ ስንጥቅም ሲፈልግ ይውላል። ያው ሞተር 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ድሬዳዋ ቢወርድ ምንም ሳይነካ መርፌው 9 ወይም 10 ከፍ ይላል። ከቍጥሩ ይልቅ የመርፌው ጠባይ ይታመናል፤ ዝቅ ብሎ ጸጥ ያለ መርፌ ብዙ ጊዜ የአየር መስረግ ወይም የማቀጣጠያ መዘግየት ምልክት ነው፤ በየተራው የሚዘል መርፌ ግን ከቫልቮላዎቹ አንዱ በደንብ እንዳልተዘጋ ሊነግር ይችላል።

የፍሬኑን ነገር ለብቻው ለይተን የምንናገርበት ምክንያት አለ። ሰርቮ ባላቸው አውቶሞቢሎች የነጂውን እግር የሚያግዘው ኃይል የሚመጣው ከዚሁ ከማስገቢያው ቧንቧ ነው። ስለዚህ የሰርቮው ቱቦ ሲሰነጠቅ ሞተሩ ከመንቀጥቀጡ በላይ ፍሬኑ ይጠነክራል፤ ከእንጦጦ ቁልቁል ቤተ ሰብ አሳፍሮ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምርመራው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ረግጦ እንዲጠነክር ማድረግ፥ ከዚያም እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ፍሬኑ ከእግር ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ዝቅ ካላለ ቱቦው፥ ወይም በቱቦው ላይ ያለችው አየርን በአንድ ወገን ብቻ የምታሳልፈው ቫልቮላ፥ ወይም ሰርቮው ራሱ ተበላሽቷል። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የሞተሩ አዟዟር የሚለወጥና ከእግር አጠገብ የሚያፏጭ ከሆነም የሰርቮው ውስጣዊ ሽፋን ተቀድዷልና፥ አውቶሞቢሉ ሳይጠገን ከግቢ አይውጣ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትንፋሽ እንለፍ። ፒስቶኖቹ የቱንም ያህል በፋሻ ቢጠበቁ፥ ቤንዚኑ በተቃጠለ ቁጥር ጥቂት ጋዝ በዙሪያቸው አምልጦ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ይህ በአዲስ ሞተርም አለ፤ በአሮጌ ይበዛል። ጋዙም ባዶውን አይወርድም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን፥ አሲድና የውሃ እንፋሎት ይዞ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ እንደሚወለድ ብዙ ሰው አያውቅም፤ አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፥ ጥቂቱ ግን ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ሆዱ መተንፈሻ ካላገኘ ይነፋል፤ የተነፋ ሆድም ዘይቱን ባገኘው መጋጠሚያ ሁሉ ይገፋዋል።

በጥንቱ አሠራር ይህ ጋዝ በአንድ ቱቦ ወደ መሬት ይለቀቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥልቅ ውሃ ለሚሻገሩ ታንኮች ክፍት ቱቦ ስለማይሆን ጋዙ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዲሳብ ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ የሎስ አንጀለስ ከተማ ሰማይ በጢስ ጉም በታወከ ጊዜ፥ የኬሚስትሪ ሊቁ አሪ ሃገን ስሚት ጉሙ የሚፈጠረው ከአውቶሞቢልና ከነዳጅ የሚወጣው ትነት በፀሐይ ብርሃን ሲለወጥ መሆኑን አስረዱ። ከአውቶሞቢል ከሚወጣው ያልተቃጠለ የቤንዚን ትነት አምስተኛው እጅ ያህል ከሆዱ መተንፈሻ የሚመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1961 ሞዴል በካሊፎርኒያ፥ በ1963 ሞዴል በመላው አሜሪካ አዲስ አውቶሞቢሎች ጋዙን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቱቦ እየተገጠመላቸው ይሸጡ ጀመር።

በላዳ ላይ ይህ ሥርዓት ሁለት መንገድ አለው። ሞተሩ በኃይል ሲሠራ ጋዙ በወፍራም ቱቦ ወደ ፊልትሮው ይሄዳል፤ በሚኒሞ ጊዜ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ከካርቡራቶሩ ክዳን በታች ይሳባል። አስቀድመን ሁለቱ ትንፋሾች ይገናኛሉ ያልነው በዚህች ቀጭን ቱቦ ላይ ነው፤ ስትደፈን ሆዱ ይነፋል፥ ስትሰነጠቅም አየር ሰርጎ ሚኒሞው ይታወካል። በወፍራሙ ቱቦ ውስጥ እሳት የሚከለክል አንድ ትንሽ የብረት ዕቃ አለ፤ ሞተሩ በካርቡራቶሩ በኩል ሲያስነጥስ ነበልባሉ ወደ ሆዱ ትነት እንዳይደርስ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ይህ ዕቃ በጥቀርሻ ሲደፈን አንዳንድ ጋራዦች አውጥተው ይጥሉታል። በነጭ ጋዝ ታጥቦ፥ ደርቆ ወደ ቦታው መመለስ ያለበትን ዘበኛ መጣል ምን ይባላል?

በቶዮታና በመሰሎቹ ላይ በቀጭኑ ቱቦ ፈንታ በቴስታታው ክዳን ላይ የተተከለች አንዲት ቫልቮላ አለች። ነቅሎ ሲነቀንቋት በውስጧ ያለችው ትንሽ ብረት ቀጭ ቀጭ ማለት አለባት፤ ዝም ካለች ተጣብቃለች። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ጫፏን በጣት ሲሸፍኗት መሳብ አለባት፤ ካልሳበች ቱቦው ወይም እርስዋ ተደፍናለች። ክፍት ሆና ተጣብቃ ከሆነም ከመጠን ያለፈ አየር ታሳልፋለች፥ ይህም ራሱ አየር መስረግ ነው። ስትለወጥ የዚያው ሞተር መሆን አለባት፤ በመልክ የምትመስላት የሌላ ሞተር ቫልቮላ ቀዳዳዋ ሌላ ነውና ሚኒሞውን ታበላሻለች።

ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር የዘይት መሙያውን ክዳን አንሥቶ በአፉ ላይ ቀላል ወረቀት ማኖር ነው። ወረቀቱ ከተሳበ ወይም ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ ሆዱ ይተነፍሳል። ከተገፋና ከበረረ፥ የዘይት መለኪያው ዘንግም ከቦታው የሚነሣ ከሆነ፥ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል፥ ወይ ፋሻዎቹ አልቀዋል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው መጀመሪያ ቱቦዎቹንና ዘይት ማጣሪያውን ክፍል አጥቦ እንደገና በመፈተን ነው። ታጥቦም ጭሱ እየተመታ የሚወጣ ከሆነ፥ ያን ጊዜ የሲሊንደሮቹ ግፊት በመለኪያ ይለካ፤ መካኒኩ ሞተሩ ይከፈት ቢልም ቃሉ ይሰማ። ከዚያ በፊት ግን አይሆንም።

የዚህ ነገር ኪሳራ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በኋለኛው ፓራኦሊዮ ላይ ነው። ከሞተሩና ከማርሹ መካከል ዘይት ሲንጠባጠብ፥ አልፎም ፍሪሲዮኑን አርሶ ሲያንሸራትት፥ ማርሹ ወርዶ ፓራኦሊዮው ይለወጣል። መተንፈሻው ሳይታጠብ ከቀረ ግን አዲሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያፈሳል፤ ባለቤቱም ዕቃው የሐሰት ነው ብሎ ሻጩን ይረግማል። ደግሞ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ ቢጫ አረፋ ሲታይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ተብሎ ይፈረዳል። በክረምት ወራት ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ አውቶሞቢል ግን ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚቆም፥ ያ የተናገርነው የውሃ እንፋሎት በክዳኑ ላይ ተንጠባጥቦ ከዘይት ጋር እንዲህ ያለ አረፋ ይሆናል። የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ፥ በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለውም ዘይት ጥሩ ከሆነ፥ መተንፈሻውን አጥቦ አንድ ቀን ረዥም መንገድ መሄድ ነው፤ ወደ ደብረ ዘይት ደርሶ መመለስ ይበቃል።

አንዳንዶች ደግሞ ካርቡራቶሩ በዘይት እንዳይቆሽሽ ብለው ቱቦውን ነቅለው ወደ መሬት ይለቁታል፥ ወይም በእንጨት ይወትፉታል። መወተፉ ሆዱን እንደሚነፋ ተናግረናል። መልቀቁ የሚጎዳው ግን ተሳፋሪዎቹን ነው። ከሆዱ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ይይዛል፤ ይህም መርዝ በራሱ ሽታም ቀለምም የለውም። በኮፈኑ ሥር ሲጠራቀም በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ መቀመጫው ይገባል፤ በቮልስም በማሞቂያው መንገድ ሊገባ ይችላል። ልጆች በአውቶሞቢል በተሳፈሩ ቁጥር ራሳቸውን የሚያማቸውና የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ፥ እናት የመንገዱ ጥምዝምዝ ነው ብላ ዝም አትበል፤ መስኮት ይከፈት፥ የጭስ ማውጫውና የመተንፈሻው ቱቦም ይመርመር። አውቶሞቢልን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ ማሞቅም ሰው ይገድላልና ፈጽሞ አይደረግ።

ቱቦ ሲለወጥ ቤንዚንና ዘይት የሚችል ጎማ ይጠየቅ፤ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ቱቦ በዘይት ትነት ያብጣል፥ ሲሳብም ተጣብቆ ይዘጋል። ለሰርቮውም ግድግዳው ወፍራም የሆነው ይገዛ። ፋሼታዎቹ ጎማውን እስኪቈርጡ ድረስ አይጠበቁ። ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ የሚኒሞው ብሎንና የቤንዚኑ መጠን እንደገና መስተካከል አለባቸው፤ ሕመሙን ለመሸፈን የተጨመረው ቤንዚን አሁን ትርፍ ሆኗልና። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላም፥ ጧት ሞተሩ ሳይሞቅ፥ የካርቡራቶሩ አራት ብሎኖች በእጅ ቁልፍ በቀስታ ይሞከሩ፤ የላላ ካለ ይያዝ፥ ያልላላው እንዳለ ይተው።